በግራ የቆመው ሰው

ሥዕሉ የተሰቀለው እኔ ቤት ነው፤ ከምድጃው በላይ። ሚስማሩን የመታሁትም ራሴ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ የእንግዳ ማረፊያ ሚስማር የምትመታው፣ በርሜል የምታንከባልለው፣ ሰካራም አንገቱን ይዛ የምታስወጣው እኔ ድሩሲላ ነኝ፤ ስለዚህ ሥዕሉን ማን አይቶ ምን እንዳለ፣ ማንስ አይቶ ፊቱን እንዳዞረ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሠራው አምብሮዝ ቲሊ ነው። ከድልድዩ ማዶ የሚኖር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነገር ግን ስለ ሥራው ከተነሳ የማይቻል ኩራተኛ። ብሩሽ አይነካም። የመዳብ ሰሌዳ ያስቀምጥና ጥርስ ባለው ብረት ከዳር እስከ ዳር ያሻክረዋል፤ ሳምንታት ይፈጅበታል። በዚያ ላይ ቀለም ተቀብቶ ቢታተም ወረቀቱ ድፍን ጥቁር ነው የሚወጣው። ከዚያ መፋቂያውን ያነሳል። አጥብቆ የፋቀው ነጭ፣ ለስለስ አድርጎ የፋቀው ግራጫ፣ ያልነካው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛውን ቢራ ሲጨርስ፣ "ሌላው ሰው ነጭ ላይ ጥቁር ይጭራል፤ እኔ ጨለማ ውስጥ ገብቼ ሰው አወጣለሁ" ይለኝ ነበር።

"እንግዲያው ግባና ለእኔም ባል አውጣልኝ" እለው ነበር።

ዘመኑም ለሙያው ተመችቶት ነበር። ድሮ ጌቶች ግድግዳቸው ላይ ላም ነበር የሚሰቅሉት፤ ላምና ፍርስራሽ ግንብ። አሁን አምሮታቸው እሳት ሆነ። ከለንደን ድረስ በሠረገላ እየመጡ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው የብረት እቶናችንን ያያሉ፤ "ወይ ግሩም! ልክ ገሃነም!" ይላሉ፤ ከዚያ እኔ ጋ መጥተው የበግ ጥብስ ያዛሉ። ገሃነሙ ውስጥ የሚሠሩት የእኛ ወንዶች መሆናቸው ትዝ ያለው አንድም ሰው አላየሁም። አምብሮዝ ግን እሳቱን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹን ሣላቸው። ብርሃኑ ከቀለጠው ብረት ተነስቶ አገጫቸውን ከሥር ሲያበራው፣ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ትችላለህ። እኔ በቀላሉ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ ያተመውን ወረቀት ሲያሳየኝ መሳቄ ግን አልቀረም።

"አምብሮዝ፣ እቶኑ ግራኝ ብቻ ነው እንዴ የሚቀጥረው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እያቸዋ! አካፋውንም መዶሻውንም በግራ እጃቸው ነው የያዙት።"

ጆሮው ቀላ። ወረቀቱን ጠቅልሎ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ይዞ መጣ፤ ሁሉም መሣሪያውን በቀኙ ጨብጧል። ከሥሩም በሚያምር ጽሕፈት "በስፍራው ተገኝቶ፣ ልክ እንደታየው የተሠራ" የሚል ተቀርጿል። ስህተቱን አረመ አልኩና ነገሩን ረሳሁት። የእቶኑ ሰዎችም መጥተው አዩትና፣ "ቦታችንን አቀያየረን እኮ" ብለው ሳቁ። ሠዓሊ እንዳሻው ያደርጋል ብለው ተዉት።

እኔ ብረቱ የሚፈስበት ማፍሰሻ ቤት ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ሴት ከገባች ብረቱ ይበላሻል ይላሉ። ከጠጪዎቹ አፍ እንደሰማሁት ግን ከበሩ ሲገቡ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ፤ መካከላቸው ደግሞ የቀለጠው ብረት የሚወርድበት ቦይ። እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ኃላፊ አለው። የኃላፊው ዋና ሥራ አሸዋውን በፍም ማድረቅ ነው፤ ምክንያቱም ብረቱ እርጥብ አሸዋ ከነካ እንደ መድፍ ይፈነዳል።

ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ወቅት ፍንዳታው ደረሰ። የግራው ጉድጓድ ነው የፈነዳው። ቦዩ ዳር ቆሞ የነበረው ሲላስ ባግሊ እዚያው ቀረ።

ሲላስ የኢኖክና የታማር ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። አባቱ ኢኖክ እዚያው ቤት ከጉድጓዶቹ የአንዱ ኃላፊ ነበር። መቃብሩ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ "እኔ ነኝ የገደልኩህ ልጄ! እኔ ነኝ!" እያለ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን። ያዘነ አባት እንዲህ ይላል፤ ወደ እቶን ያስገባሁህ እኔ ነኝ ማለቱ ነበር። ያን ቀን ማንም ቃሉን እንደ ቃል አልያዘበትም።

ከዚያ የእቶኑ ባለቤቶች ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ላኩ። ሚስተር ፌንዊክ ይባላል፤ ንጹሕ አንገትጌ፣ ንጹሕ ጥፍር፣ ሰው አቋርጦ የማይናገር። ጠረጴዛውን እኔው ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ዘረጋሁለት። ሠራተኞቹ ቆባቸውን ይዘው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። አምብሮዝም ወሬ ሊሰማ መጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

"የፈነዳው የትኛው ነው?" አለ ሚስተር ፌንዊክ።

"የግራው ጌታዬ፤ ከበሩ ሲገቡ በግራ" አለ አለቃው ሶወርቢ።

"የግራውን የሚያደርቀው ማን ነበር?"

ሶወርቢ ባርኔጣውን ማገላበጥ ጀመረ። የእህቱ ልጅ ጋይልስ ከኋላው ቆሟል፤ ፊቱ እንደ አይብ ነጥቷል። ማንም አይናገርም። ሁሉም ነገም ከሶወርቢ ሥር ነው የሚውለው። በመጨረሻ ሽማግሌው ጄም ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጋይልስ ነው ጌታዬ። ኢኖክ የቀኙ ነው።"

"ኢኖክ ወዳጅህ ነው?"

"አብሮ አደጌ ነው እንጂ!"

"ገባኝ" አለ ሚስተር ፌንዊክ። ይኼኔ ዓይኑ ከጄም ራስ በላይ ወጣና ሥዕሉ ላይ አረፈ። ተነስቶ ቀረበው። "ይኼ በግራ በኩል፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አካፋ ይዞ የቆመው ማነው?"

ፊቱ የኢኖክ ነበር። አምብሮዝ ሰው ሲሥል ማን ነው አያሰኝም።

"ኢኖክ ነው!" አለ ሶወርቢ፣ በጣም ፈጥኖ።

"ሥዕሉ ተዛውሯል ጌታዬ" አለ ጄም።

"ሥዕል እንዴት ነው የሚዛወረው?"

ጄም ምን ይበል? እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሚስተር ፌንዊክ ከሥር የተቀረጸውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ "በስፍራው ተገኝቶ፣ ልክ እንደታየው።" ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ሠዓሊው እርስዎ ነዎት?"

"አዎ ጌታዬ።"

"በስፍራው ተገኝተዋል?"

"አዎ።"

"ልክ እንዳዩት ነው?"

አምብሮዝ ከንፈሩን ላሰ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አፉን እያየ ነው፤ ኢኖክ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

"አዎ" አለ።

ግራ ቀኙን ሊሰማ የመጣ ሰው ግራና ቀኙን ከወረቀት ላይ አነበበ። ኢኖክ ያን ቀን የተናገረው አንዲት ነገር ብቻ ናት። "እኔ በቀኝ ነበርኩ" አለ። ከሥራ ተባረረ፤ የሚኖሩበት ቤት የእቶኑ ነበርና ከቤቱም ተባረሩ።

ይኼ ሁሉ ግን ታማር ካደረገችው አይብስም። በማግስቱ ጥዋት ሻሿን ሳታስር መጥታ ሥዕሉ ሥር ቆመች። ሴት ናት፤ እንደ እኔው ማፍሰሻ ቤቱን አይታው አታውቅም፤ ያየችው ይኼንኑ ወረቀት ነው። መካከል ላይ ልጇ አንድ እጁን ለሙቀቱ ፊቱ ላይ ጋርዶ፣ በሌላው ረጅም ብረት ይዞ ቆሟል። በግራ ባሏ። ልጇን አየች፤ ባሏን አየች፤ እንደገና ልጇን።

"ልክ እንደታየው ይላል?" አለችኝ። ማንበብ አትችልም።

"ይላል እህቴ፤ ወረቀት ግን…"

"ራሱ ነግሮን ነበር፣ መቃብሩ ላይ። እኔ ነኝ የገደልኩህ ብሎ ነግሮን ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

"ሐዘን ያናገረው ነው እንጂ!"

"ወረቀቱንም ሐዘን አናገረው?"

እሷ ኮረብታው ላይ እህቷ ዘንድ ገባች። ኢኖክ በሰቨርን ወንዝ ዳር የጭነት ጀልባ በገመድ ከሚጎትቱት ጋር ሥራ አገኘና በእነሱው ዳስ ውስጥ ማደር ጀመረ። በእሑድ ጸሎት ቤት ሲገባ እሷ ተነስታ ትወጣለች። አንድ ጊዜ በሩ ላይ ጠብቆ "ታማር፣ በልጄ ነፍስ በቀኝ ነበርኩ" አላት። ቀሚሷን ሰብስባ አለፈችው፤ ጭቃ እንደሚታለፍ።

አምብሮዝን ልብ አላልኩትም ነበር። ወንበሩን እንዳዞረው ያየሁት ቆይቼ ነው፤ ሁልጊዜ ሥዕሉን ትይዩ ይቀመጥ የነበረው ሰው አሁን ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። የአሳማ ሥጋ ያለበትን ዳቦዬን ቆርሶ ይተወዋል። የጀልባ ጎታቾቹ ድምፅ ከውጭ ሲሰማ ብርጭቆው እጁ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝይ ስነጭ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

"ድሩሲላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አይቻለሁ። ምነው?"

"ብረቱ ላይ ፊደሉ ዞሮ ነው የተቀረጸው። ሲታተም ነው የሚቃናው። የእኔም መዳብ እንደዚያው ነው፤ ማተሚያ ሁሉን ይገለብጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሣልኩትን በመስታወት እያየሁ፣ አዙሬ መዳቡ ላይ የምገለብጠው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው። ይኼን ጊዜ ብቻ…" ተቀመጠ። "በርሚንግሃም ያለ አንድ ሠዓሊ ሌላ የእቶን ሥዕል ይዞ ሊወጣ ነው አሉኝ። ቸኮልኩ። እቶን እቶን ነው፤ ግራውን ከቀኙ ማን ይጠይቃል ብዬ ያለ መስታወት ሠራሁት። አንቺ ግራኝ ናቸው ብለሽ ስትስቂ እጆቹን ብቻ እንደገና አሻክሬ ፋቅኳቸው። ቦታቸውን ማዞር ማለት ከሀ መጀመር ነው።"

ዝይዋ ከጭኔ ላይ ወደቀች።

"ኢኖክስ?"

"በቀኝ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ያን ቀን ሰውየው ሲጠይቅህ!"

"ያንን ጽሑፌን አነበበዋ! በሰው ሁሉ ፊት። ለንደን ያሉት የሚያውቁኝ በዚያች ቃል ነው፤ ቲሊ ያየውን ነው የሚሠራው ይላሉ። ውሸት ነው ልበል? አንዲት 'አዎ' ናት ብዬ፣ ኋላ አስተካክላታለሁ ብዬ…" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ጥፋተኛ ነኝ ድሩሲላ። ልጁን የቀበረ ሰው ላይ ልጁን ጫንኩበት። ምግብ አልወርድ ብሎኛል።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አልኩት። ያዘንኩለት ያህል ተናድጄበት ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። "ፌንዊክ ምርመራውን ሊዘጋ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ቆመህ ትናገራለህ፤ እምቢ ካልክ እኔ እናገራለሁ፣ ያውም ከቢራ ማንቆርቆሪያ ጋር።"

ማንቆርቆሪያው አላስፈለገም። ሚስተር ፌንዊክ በተመለሰ ጊዜ አምብሮዝ መዳቡን በሽርጡ ጠቅልሎ መጣ። ቁርሱ ፊት አስቀመጠው።

"ጌታዬ፣ ያን ቀን አዎ ያልኩት ውሸት ነው። ወረቀቱ የተገለበጠ ነው። የሰዎቹ እውነተኛ ቦታ መዳቡ ላይ ያለው ነው። ኢኖክን ይዩት፤ በቀኝ ነው።"

ሚስተር ፌንዊክ ቢላውን አኖረ። መዳቡን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ በትዕግሥት አየው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

"አዎ፣ እዚህ ላይ በቀኝ ነው" አለ። "ይኼኛው ሰው መዶሻውን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?"

አምብሮዝ መዳቡን ወደ ራሱ ሊስብ እጁን ዘረጋ።

"ሚስተር ቲሊ?"

"በግራ።"

"ይኼስ?"

"በግራ ጌታዬ።"

"ይኼም በግራ። ይህ እቶን ግራኝ ብቻ ነው የሚቀጥረው?"

የራሴን ቀልድ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ሳህኖቹን አስቀምጬ ቀረብኩ።

"የተገለበጠው መዳቡ ነው" አለ ሚስተር ፌንዊክ። "መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ልክ ነው።"

"እጆቹን ኋላ ነው ያረምኳቸው! ወረቀቱ ላይ ልክ እንዲመስሉ!"

"እጁን ለማረም የተጠነቀቀ ሰው ቦታውን ዝም ይላል? በስፍራው የሣሉበት ወረቀትና መጀመሪያ ያተሙት የት አሉ?"

"ሁለቱንም አቃጠልኳቸው።"

"መቼ?"

"እጆቹን ያረምኩ ዕለት" አለ አምብሮዝ፤ እሱም የገባው ይኼኔ ነው። ስህተቱ እንዳይታይበት ደክሞ ደክሞ፣ እውነቱ የሚገባበት ቀዳዳ አልተወም። እኔም "መጀመሪያ የታተመውን አይቼዋለሁ፤ ግራኞች ነበሩ" ብል፣ ሚስተር ፌንዊክ "እርስዎም ጎረቤታቸው ነዎት" አለኝ።

ሚስተር ፌንዊክ መዳቡን መልሶ ሸፈነለት። "ለጎረቤትዎ ማዘንዎ ደግ ነው" አለው በለሰለሰ ድምፅ። "ነገር ግን ሥዕሉን ሲሠሩ ለማንም የሚያዳሉበት ምክንያት አልነበረዎትም። ዛሬ አለዎት።" ቁርሱን ጨርሶ፣ አመስግኖኝ፣ በሠረገላው ሄደ።

አምብሮዝ እዚያው እንደቆመ ቀረ። ኮቴን አነሳሁ፤ ሥዕሉን ከሚስማሩ አወረድኩ።

"ና፣ ተከተለኝ። ወደ ታማር ነው።"

"ፌንዊክ ያላመነኝን እሷ ታምነኛለች? ምን ታደርግልኛለች?"

"ላንተ ነው እንዴ የምንሄደው?" አልኩት። በክንዱ ይዤ ዳገቱን አወጣሁት።

ታማር በር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። አምብሮዝ ቆሞ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ ከመስታወቱ ጀምሮ እስከ "አዎ" ድረስ ሁሉን ነገራት። ማኅተሙን ነገራት። ፌንዊክ እንዳላመነውም ሳይደብቅ ነገራት። ድንቹን መላጧን አላቆመችም።

"ጌታው ያላመነህን እኔ በምን ልመንህ?" አለችው። "ያኔም አዎ ብለህ ነበር።"

"የማሳይሽ የለኝም እህት ታማር። እጆቹን ሁሉ አርሜያቸዋለሁ።"

ቢላዋዋ ቆመች።

"ሁሉንም?"

"በግራ የያዙትን ሁሉ ወደ ቀኝ።"

"ሲላስንስ?"

አምብሮዝ አሰበ። "ሲላስን… አልነካሁትም። እሱ መጀመሪያውኑ ብረቱን በቀኝ ነበር የያዘው፣ ወረቀቱ ላይ። እንዲያውም አንድ ሰው ቀነሰልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"ድሩሲላ፣ አምጪው እስቲ።"

ሥዕሉን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ጣቷን በልጇ እጅ ላይ አኖረች፤ ብረቱን በያዘው ላይ።

"ልጄ ግራኝ ነበር" አለች። "የመንደር ልጆች እንዳይስቁበት ብዬ ግራ እጁን በሻሼ ከወገቡ ጋር አስሬ ነበር የማበላው። መትቼዋለሁም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አልተወም። ይኼን ሳይ አባቱ እቶን ውስጥ በዱላ አስለቅቆት ነው አልኩ። ይኼንንም በኢኖክ ላይ ጨመርኩበት።"

አምብሮዝ ግድግዳውን ተደገፈ። መዳቡ ላይ ሲላስ ብረቱን በግራው ነው የያዘው፤ በሕይወት እንደነበረው። አምብሮዝ እጁን ያልነካው እሱን ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ እሱ ከተገለበጠ የሁሉም ቦታ ተገልብጧል።

"በቀኝ ነበር" አለች ታማር። "ኢኖክ በቀኝ ነበር።" ድንቹ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሻሿን እንኳ ሳታነሳ ዳገቱን በሩጫ ወረደች። እኛም ከኋላዋ።

ጎታቾቹ ከድልድዩ በታች ነበሩ። ገመዱን ደረታቸው ላይ አጥልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጭቃው ውስጥ እየተጎተቱ ይሄዳሉ። ኢኖክ መጨረሻው ላይ ነበር፤ ከስቷል፤ ጸጉሩ ነጥቷል። ስታየው ፍጥነቷ ሁሉ ጠፋ። አጠገቡ ደርሳ እኩል መራመድ ጀመረች። ገመዱን መልቀቅ አይችልም፤ ጀልባው ይዞ ይመልሳቸዋል። እያዘገመ አያት።

"ምን ሆነሽ ነው? ራስሽን እንኳ ሳትሸፍኚ፣ በዚህ ብርድ።"

"ኢኖክ" አለች፤ ትንፋሿ አልበቃትም። "በቀኝ ነበርክ። ሥዕሉ የተገለበጠ ነው። አወቅሁ። ሠዓሊው መጥቶ ነገረኝ።"

ኢኖክ አልቆመም። እኔንና አምብሮዝን አየን፤ መልሶ እሷን አያት። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ለሁላችንም በተሻለ ነበር።

"እኔም ነግሬሽ ነበር እኮ" አላት።